ሕፃኑን ይዘው ያለፉት ደጃፍ

ረቡዕ፣ በልደት ማግስት

ጋሼ፣

ዘማሪዎቹ ደጃችን ሲደርሱ መዝሙሩን አላቆሙም።

ሰላምታ ሳላቀርብ በዚህ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን፤ የሰው አገር ብርድ አይድፈርዎት፤ ጉልበትዎ አይዛል። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ግን ትናንት የሆነውን ሳልነግርዎት የሰላምታ ወግ ልደርድር ብል እጄ አይታዘዘኝም።

የሕፃኑን ምስል ገዝተው ለቤተ ክርስቲያናችን የላኩት እርስዎ ቢሆኑም ቤት ለቤት ሲዞር አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ልንገርዎት። ከልደት ጀምሮ፣ ጌታ በሕፃንነቱ ወደ ቤተ መቅደስ እስከተወሰደበት እስከ አርባኛው ቀን ድረስ፣ ምስሉ ዕጣ በወጣላቸው ቤቶች አንድ አንድ ቀን ያርፋል። የቤቱ ሰው ያሰፋለትን አዲስ ልብስ ያለብሰዋል። ጎረቤት እየገባ ይሰግድለታል። በማግስቱ ዘማሪዎች ከፊት፣ ተሸካሚው ከኋላ ሆነው ወደ ሌላ ቤት ይወስዱታል። ሊገቡበት ካሰቡት ቤት ሲደርሱ መዝሙሩን ቁርጥ ያደርጉታል። መንገደኛው ሁሉ ያን ዝምታ ሲሰማ “እዚህ ገባ” ይላል።

እናቴ ስንት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ ዘንድሮ ዕጣው ወጣላት፤ ያውም የልደት ዕለቱ። በጉባኤው ፊት ስሟ ተነበበ። ግድግዳውን ቀለም አስቀባች፤ የልብስ ስፌት መኪናዋን ከመጋረጃ ጀርባ ደበቀች፤ ከጎረቤት ወንበር ለመነች። እንደሚያውቁት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለሕፃኑ ልብስ የሚያሰፋው እሷ ዘንድ ነው። ለራሷ ቤት ስትሰፋ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ሰፍታ ፈታችው፤ እንደገና ሰፋችው።

ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። መጡ። መዝሙሩ አልቆመም። ከፊት ሆኖ የሚመራው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እርስዎ ለባልነት የመረጡልኝ፣ በጥፊ የመታኝ፣ ቀለበቱን የመለስኩለት ሰው ነው። ወደ እኛ ዞር ሳይል አለፈ። እናቴ የዘረጋችውን እጅ ወዴት እንደምታደርገው ጠፍቷት፣ ዝናብ ጣለ ወይ እንደሚል ሰው መዳፏን ወደ ሰማይ ገለበጠችው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ዝም ያሉት ቀጥሎ ባለው በዳቦ ጋጋሪዋ በር ላይ ነው። ሴትዮዋ ዱቄት በዱቄት ሆና በነጠላ ጫማ ወጣች።

“እኔ ቤት? ኧረ ተሳስታችኋል፤ እኔ እንኳን ለጌታ ለድመቷም ቦታ የለኝ” ስትል ሰማኋት።

እኔ በሩን ዘጋሁት። እናቴ ገና ውጭ ሳለች። በንዴት ያደረግሁት ነገር ነው፤ ከዚያ ከፍቼ ሳስገባት ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ሁለታችንም ስናፍር፣ አንዳችን ከሌላችን የምንሸሸግበት ሁለተኛ ክፍል እንኳ የለንም።

ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ እርስዎን ይሰማሉ። ለምን እንዲህ እንደተደረገ ይጠይቁልኝ። ስልክ ያልደወልኩት ስልክ ላይ ስለሚያቋርጡኝ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ከልደት በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ

ይድረስ ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለእሳቷ፣

በግርግም የተኛው ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው። እናትሽን ከክፉ ዓይን፣ አንቺን ከክፉ አንደበት ይጠብቅልኝ። እኔ ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁንና ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ መጋዘኑ በር ላይ ካለችው የጥበቃ ክፍል ተቀምጬ ነው። መኪናዎቹ ሲገቡ እነሣለሁ፤ ሲወጡ እቀመጣለሁ። ብርዱ ብርድ ነው፤ ግን ማሞቂያ ሰጥተውኛል።

ስለ ጻፍሽው ነገር፣ ሰው ነውና ይሳሳታል። ምናልባት ቤቱ ጠፍቷቸው ይሆናል። እናትሽ ልቧ ስስ ስለሆነ ብዙ አታሳስቢያት። አንቺም ነገሩን ከሰው ጋር አታነካኪው። የቤት ገበና ውጭ ከወጣ የሚመልሰው የለም፤ ይህን አምና ባየነው ነገር መማር ነበረብሽ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሕፃኑ በገባባቸው ቤቶች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከእግሩ ሥር ያለችው ስሜ የተቀረጸባት ናስ በደንብ እንድትታይ አድርጊ፤ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳያቸዋለሁ ብያለሁ።

ደግሞ አስቢበት። ለሽማግሌዎቹ “ያን ጊዜ በቁጣ ነው የተናገርኩት” ብትያቸው ምን ይጎድልብሻል? አንድ ቃል ናት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ አንቺ ጋ ሊሆን ይችላል።

እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጥሽ።

አጎትሽ


ከልደት በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ

ለተከበሩ አጎቴ፣

ወገብዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። ማሞቂያ ስለሰጡዎት እነሱንም ይባርክ።

ቤቱ ጠፍቷቸው ነው የሚለውን ለእናቴ አነበብኩላት። “እኔን ያጡኛል? ሱሪያቸውን ያሳጠርኩላቸው እኔ” አለችና ሳቀች። ከልደት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ሕፃኑ የሚገባባቸው ቤቶች አሁንም ልብስ የሚያሰፉት እኛ ዘንድ መሆኑን ልብ ብለው ያውቃሉ? ጨርቃቸውን በጉያቸው ይዘው ይመጣሉ። ወንበር ላይ ጫፍ ጫፏን ይቀመጣሉ። ስለ አየሩ ያወራሉ። ባለፈው የፖስተኛው ሚስት መጥታ ዓይኗን የት እንደምታሳርፈው ሲቸግራት፣

“ልኩ ያው የአምናው ነው ወይስ አደገ?” አለች። ከእንጨት ስለተሠራ ሕፃን መሆኑ ነው።

እናቴ መርፌዋን ከአፏ አወጣችና “እሱ ያው ነው፤ የአንቺን ቀሚስ ግን ማስፋት አለብን” አለቻት።

ሴትዮዋ ስትሄድ ግን እናቴ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ወደ ቤቷ ለማይገባው ልብስ ትሰፋለች። እኔ ብሆን ጨርቁን ፊታቸው ላይ እወረውርላቸው ነበር፤ አልኳትም። “እነሱ ቢያሳፍሩኝ እሱን ላሳርዘው?” አለችኝ።

ጠዋት ጠዋት፣ ስፌት ከመጀመሯ በፊት፣ ለምስሉ ባሰናዳችው ጠረጴዛ ፊት ትንበረከካለች። ነጩ ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ ላዩ ላይ ምንም የለም። መጀመሪያ ሳያት ደሜ ፈላ። ጎረቤት በመስኮት አይቶ እንዳይሥቅባት ፈርቼ መጋረጃውን ሳብኩት።

“እማዬ፣ ባዶ ጠረጴዛ ነው እኮ” አልኳት።

“የቀረው ምስሉ ነው። መወለዱንማ ተወልዷል።”

አዋላጅ መሆኔን የሚረሱት ይመስለኛል፤ “እሳቷ” ብቻ ነው የሚሉኝ። እኔ በየዕለቱ ሕፃን እቀበላለሁ። አዲስ የተወለደ ልጅ አንገቱን መሸከም አይችልም። የሰው መዳፍ ካልደገፈው ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቃል። ሰውነቱ ቶሎ ይበርዳል። የያዘውን ሰው አይመርጥም፤ ክፉ ቢይዘውም ያው ይተኛል። ስንት ዓመት “ቃል ሥጋ ሆነ” ሲባል ሰምቼ፣ ነገሩ የገባኝ ከእናቴ ጎን ቆሜ ባዶውን ጠረጴዛ ሳይ ነው። ዓለምን የፈጠረው አንገቱን በሰው መዳፍ ላይ ጣለ። ወደ ወሰዱት ይሄዳል። ከሄሮድስም የሸሸው ታቅፎ ነው። እንግዲህ የልደት ዕለት እኛን የረሳን እሱ ነው ብዬ እንዴት እቀየመዋለሁ? ይዘውት አለፉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት “እኔ መች እሱን ተቀየምኩ” አለች፤ ተምሬ የደረስኩበትን እሷ ቀድማኝ ተቀምጣበት እንደኖረች ዓይነት ሳይሆን፣ ዝም እንድል ፈልጋ።

ዝም አላልኩም። ምስሉን የሚሸከሙት አናጢው መጋዛቸውን ይዘው ሲያልፉ መንገድ ላይ አቆምኳቸው።

“አባባ፣ እኛ ቤት ለምን አልገባችሁም?”

“ተይ ልጄ። ከላይ የታዘዝነው ነው።”

“ከላይ ማለት ከሰማይ ነው?”

ጢማቸውን አሹ። “ከሰማይማ ቢሆን ደግ ነበር። ከባሕር ማዶ ነው፤ በስልክ።”

ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ያለን አንድ ሰው ነው፤ የእርሱም ስም ናስ ላይ ተቀርጾ ከሕፃኑ እግር ሥር አለ። ጋሼ፣ ደውለዋል ወይስ አልደወሉም? ስለ ሌላው ሁሉ ሳይጽፉልኝ ይህን አንዷን ይመልሱልኝ። ፎቶ ያሉትን፣ መልስዎ ከመጣ በኋላ አስብበታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ከልደት በኋላ፣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ፣ ሰላም ለዚያች ቤት ይሁን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። በኪሴ ይዤው ስዞር ነበር። መልስ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ደውያለሁ።

አንቺን ለመጉዳት አልነበረም። የልጁ አባት እንደ ወንድሜ ነው፤ ከአንድ ሳህን በልተን ያደግን ነን። ልጅቷን እሰጥሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አንቺ ግን በሽማግሌ ፊት “መታኝ” ብለሽ ልጁን ራቁቱን አስቀረሽው፤ እኔንም ከእሱ ጋር። አንድ ጥፊ ነው፣ ልጄ። አንድ ጥፊ ያልቀመሰ ትዳር የት አለ? ለሽማግሌዎቹ “ይቅርታ እስክትጠይቅ ሕፃኑ እዚያ ቤት አይግባ” አልኳቸው። ትመለሺያለሽ ብዬ ነው። እናትሽ በዚያ ቀን ደጃፍ ላይ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች ብዬ አላሰብኩም። ያን መስመር ካነበብኩት ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም።

እዚህ ስሜን በትክክል የሚጠራ የለም። መኪናው ሲመጣ በሩን የሚከፍት ሰው ነኝ። እዚያ ግን ሕፃኑ በወጣ ቁጥር ስሜ ይነሣል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አንቺም አትንገሪ።

አሁን መላ አግኝቻለሁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግሬ ተስማምተናል። በሚመጣው እሑድ፣ ወቅቱ ከማለቁ በፊት፣ ሕፃኑ እናትሽ ቤት ይገባል። ይቅርታም አትጠየቂም። የመዝሙር መሪው እንዳያፍር ግን አንቺ ያን ቀን ከቤት ዞር በይ። ሥራ ገብቼ ነው ብትይ ማንም አይጠይቅሽም። ለእናትሽ ስትይ ይህን አድርጊ። አንድ ቀን ነው።

አጎትሽ


ከአርባኛው ቀን በኋላ፣ ሐሙስ

ለአጎቴ፣

እግዚአብሔር የልብዎን ብርድ ያርቅልዎት። እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ለማንም አልነገርኩም።

ሄድኩ።

ይህን ስጽፍልዎት አፍራለሁ። ስለ ስምዎ ያሉትን ዘልዬ ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት “እምቢ በይ” ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጨርቁን አጠፈች፤ ዘረጋች፤ መልሳ አጠፈች። በመጨረሻ ወደ ግድግዳው እያየች “አንድ ቀን ነው፤ ሂጂ” አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። እሑድ ጠዋት ተራዬ ሳይሆን ወደ ሥራ ገባሁ። ስወጣ ለዳቦ ጋጋሪዋ “ዛሬ ተረኛ ነኝ” ብዬ ዋሸሁ። በገዛ ሰፈሬ እንደ ሌባ ጥግ ጥጉን ይዤ ሄድኩ።

ከቀትር በኋላ አንዲት ወላድ ብቻዋን መጣች። ስሟን ስጠይቃት “ባል የለኝም” አለችኝ።

“እሱን አልጠየቅኩሽም” አልኳት።

“ኋላ ከምትጠይቂኝ ብዬ ነው።”

ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተችው። ምጡ ሲመጣም፣ ሲሄድም ተሸፍና ነበር። “ላብሽን ልጥረግልሽ” ስላት እምቢ አለች። ልጁ ተወለደ። አድርቄ፣ ደረቷ ላይ አስተኝቼ፣ መዳፏን ከአንገቱ ሥር አስያዝኳት። ትንሽ ቆይታ በሌላው እጇ ሻሿን ከፊቷ ላይ አነሣችው። ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ተሸፋፍኖ ሕፃን ማየት አይቻልም። ስታየው፣ ስታየው፣ የእኔን እዚያ መቆም ጨርሶ ረሳችው።

ከእሷ አልጋ አጠገብ ቆሜ በራሴ አፈርኩ። የእናቴ ቤት ውስጥ ለሕፃኑ ይሰገዳል፤ እኔ ምንም ሳላጠፋ ተደብቄአለሁ። ጥፊው ያረፈው በእኔ ፊት ላይ ነው፤ የምሸፍነውም ያንኑ ፊት ነው። የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ወጣሁ።

ቤታችን በሰው ተጨናንቋል። ዳቦ ጋጋሪዋ በር ላይ ያዘችኝ።

“አንቺ፣ ተረኛ ነኝ አላልሽም?”

“ዋሽቼሽ ነው።”

“እሱንማ አውቄያለሁ” አለችና በሩን ለቀቀችልኝ።

ገባሁ። ሕፃኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እናቴ የሰፋችውን ለብሷል። ያ ሁሉ ሰው ዘወር አለ። የመዝሙር መሪው ቀና ብሎ አየኝና ለእናቴ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ፣ “እትዬ፣ ንግግራችን እንዲህ አልነበረም” አላት።

እናቴ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ነበር። አልተነሣችም፤ ቀናም አላለች። ጉልበቷን ወደ ጎን ጎተት፣ ጎተት አድርጋ ጠጋ አለችልኝ። አጠገቧ የነበረችው የፖስተኛው ሚስትም ጠጋ አለች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ስፍራ ተከፈተ።

“ግርግሙ ሞልቷል ካልክ መውጫው ያውና” አሉት አናጢው። አንዳንዱ ሳቁን በሳል አፈነ። ወጣ። ሁለት ዘማሪ ተከተሉት፤ የቀሩት ቀሩ።

ተንበረከክሁ። ስሰግድ ልቤ በብርሃን ተሞላ ልልዎት አልችልም። ጆሮዬ በእፍረት ነዶ ነበር። ዓይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ነበር። ግን ከእኔ በፊት እረኞቹም ቢሆኑ ታጥበው የመጡ አይመስለኝም። እንዳሉ መጡ፤ አዩት፤ ወደቁለት። ፈጣሪ ሕፃን ሆኖ የመጣው ሰው በፊቱ እንዳይፈራ ከሆነ፣ የማፍረውንም ይዤ በፊቱ መሆን እችላለሁ ብዬ ፊቴን ሳልሸፍን ቆየሁ። እናቴ ሳታየኝ እጄን ያዘችኝ። “ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ” አለች በጆሮዬ። “አውቃለሁ፣ ዝም በይ” አልኳት። ሁለታችንም ወደ እሱ እያየን ነበር።

ፎቶ አላነሣሁም። ተንበርክኬ ነበር።

ጋሼ፣ አጎቴ ነዎት። ይህ አይቀየርም፤ እንዲቀየርም አልፈልግም። በዚያች የጥበቃ ክፍል ስምዎን የሚጠራ እንደሌለ ካወቅሁ ጀምሮ በጸሎቴ በስምዎ እየጠራሁዎት ነው። ሲመጡ ቤታችን የእርስዎ ነው፤ እናቴም ትናፍቅዎታለች። ነገር ግን የተመታሁትን እኔን የቤተሰቡ ነውር ብለው ሲጠሩኝ ከእንግዲህ አልቀበልም። “በቁጣ ነው የተናገርኩት” የሚለውን ቃል ሌላ ሰው ይዋሰው፤ ከእኔ አፍ አይወጣም። የእናቴን ደስታ መያዣ አድርገው ከእኔ ጋር ሲደራደሩ አልቀበልም፤ እሷም ከእንግዲህ አልቀበልም ብላለች፤ ጻፊው ብላኝ ነው። የክርስቶስ ልደት በየዓመቱ ይመጣል፤ ሕፃኑም ወደ ወሰዱት ቤት ይሄዳል። እሱ እንዲገባ እኔ እንድወጣ የሚጠይቀኝ ሰው ግን፣ ሽማግሌም ይሁን አጎት፣ ከእንግዲህ ከቦታዬ አያስነሣኝም።

የእህትዎ ልጅ